የደብረ ማርቆስ ክረምትና የእናቴ ቤት ራውተር፦ የስምንት ቀን ማስታወሻ

ሰኔ 29፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እህቴ እታለም በየእሑዱ ማታ ከጅዳ በኢሞ ትደውላለች። እናቴ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምራ ነው የምትዘጋጅላት፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ነጠላው ተቀይሮ፣ ስልኩ ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ይጠበቃል። ዛሬ የእታለም ፊት ብቅ አለና ገና «እማዬ» ስትል ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። እናቴ «ምን አገኘብኝ ልጄን?» ብላ ደነገጠች። ልጇ ደህና ናት፤ የሄደው የእኛ ቤት ኢንተርኔት ነው። ይህን በቃል ባስረዳትም አላመነችኝም፤ በሞባይል ወደ ጅዳ ደውዬ ድምጿን ካሰማኋት በኋላ ነው የተረጋጋችው።

ባለፈው ክረምትም እንዲሁ ይሄድ ይመጣ ነበር። ሲሄድ እናደዳለሁ፣ ሲመጣ እረሳዋለሁ። ዘንድሮ ነገሩ እስኪገኝ ድረስ ያየሁትንና የነካሁትን ሁሉ በየቀኑ እጽፋለሁ።

ራውተሩ በመስመር ስልክ ሽቦ የሚሠራ፣ ባለ አንድ አንቴና የኤዲኤስኤል ራውተር ነው። ፊቱ ላይ ካሉት መብራቶች ፓወርና ዋይፋይ የሚሉት አረንጓዴ ናቸው። ዲኤስኤል የሚለው ብልጭ ድርግም ይላል። ኢንተርኔት የሚለው ጭራሽ አልበራም።

እናቴ የስልኳን የዋይፋይ ምልክት እያሳየችኝ «ሙሉ ነው እኮ!» አለች። እውነቷን ነው፣ ሙሉ ነው። ምልክቱ የሚናገረው ግን ከስልኳ እስከ ራውተሩ ስላለው አምስት እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ገና ሁለት መንገድ ይቀራል፤ አንዱ ከራውተሩ በሽቦ እስከ ስልክ ጣቢያው፣ ሌላው ከጣቢያው ወደ ውጭ። ዲኤስኤል ብልጭ ድርግም የሚለው ራውተሩ ጣቢያው ውስጥ ካለው መሣሪያ ጋር ለመግባባት ሲሞክር ነው፤ ሲግባቡ መብራቱ ረግቶ ይቆማል። ስለዚህ ዛሬ የተበጠሰው መሃለኛው መንገድ ነው።

ነቅዬ አንድ ደቂቃ አቆይቼ መልሼ ሰካሁት። በሦስተኛው ደቂቃ ዲኤስኤል ረጋ፣ ኢንተርኔትም በራ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ጠፉ። ከቀትር በኋላ የያዘው ዝናብ እስካሁን አላባራም።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የቤቱን ስልክ አንስቼ አዳመጥኩ። ከመደወያው ድምፅ ኋላ ሽምብራ ምጣድ ላይ ሲቆላ የመሰለ መንጣጣት አለ። ራውተርህ ካስቸገረህና መስመር ስልክ ካለህ መጀመሪያ ስልኩን አንስተህ ስማው፤ ገንዘብ አያስወጣም፣ ብዙ ነገር ይናገራል። የሰው ድምፅና ኢንተርኔቱ የሚሄዱት በአንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነው። ድምፁ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ይሄዳል፣ ኤዲኤስኤሉ ደግሞ ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ። ጎዳናው አንድ ስለሆነ ለጆሮ የሚንጣጣ ሽቦ ለራውተሩም አይመቸውም።

ማታ ከቅርቡ ጀምሬ ፈተሽኩ። አዳፕተሩን በሌላ 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ከግድግዳው ወደ ራውተሩ የሚሄደውን አጭር ገመድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለየውን ስፕሊተር አውጥቼ ራውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት፤ እንደነበረው ነው።

ከዚያ የእናቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ሁለተኛ ስልክ ትዝ አለኝ። ያለ ምንም ፊልተር በቀጥታ መስመሩ ላይ ተሰክቷል። በአንድ መስመር ላይ ያለ ስልክ ሁሉ በፊልተር ወይም በስፕሊተር በኩል ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ የኢንተርኔቱን ምልክት ይሻማል፣ ሲነሳና ሲዘጋም መስመሩን ይረብሻል። ነቀልኩት። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን ያኛውን ስልክ ነቅዬም በዋናው ሳዳምጥ መንጣጣቱ አለ። ስህተት ነበር፣ ታርሟል፤ የምፈልገው ግን እሱ አይደለም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ሌላ ሰው እንዳያደርገው በግልጽ እጽፋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ «ጋሼ፣ ሪሴት ቢያደርጉት ይስተካከላል» አለኝ። በስፒል ጫፍ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ ተጭኜ እስከ 10 ቆጠርኩ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና በሩ። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። ዲኤስኤል ረግቶ ቆመ። ኢንተርኔት የሚለው ግን ቀይ ሆነ፣ ቀይ እንደሆነም ቀረ። የዋይፋዩም ስም ተቀይሮ በፋብሪካው ስም ወጣ።

ቀዩ መብራት ከእሑዱ የተለየ ነገር ነው የሚለው። እሑድ ዕለት ራውተሩ ከጣቢያው ጋር አልተግባባም። ዛሬ ተግባብቷል፤ በሩ ላይ «ማን ነህ?» ተብሎ የሚመልሰው አጥቷል። ይህ ዓይነቱ መስመር የሚከፈተው በዩዘር ኔምና በፓስወርድ ነው፤ ሪሴት ሁለቱንም ከራውተሩ ላይ ይጠርጋቸዋል። አንድ ችግር ይዤ ጀምሬ ሁለት አደረግኩት።

ወረቀቱን ፍለጋ ከሰዓት በኋላው በሙሉ አለቀ። በመጨረሻ እናቴ የእንጨት ሳጥኗን ከፈተችው። ከቤቱ ካርታና ከእህቶቼ የክትባት ካርዶች ሥር፣ አባታችን በሕይወት ሳለ በአራት ያጠፈው ወረቀት ተቀምጧል። ኢንተርኔቱ የገባ ዕለት በራሱ እጅ ቀን ጽፎበታል። እናቴ የእጅ ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች፤ እኔም አላጣደፍኳትም።

ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ 192.168.1.1 ጽፌ ወደ ማስተካከያ ገጹ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ሞላሁ፣ የግንኙነቱን ዓይነት ፒፒፒኦኢ አልኩት፣ ዩዘር ኔሙንና ፓስወርዱን አስገባሁ። እምቢ አለ። ሁለተኛም እምቢ አለ። ችግሩ ፓስወርዱ ውስጥ ያለችው ክብ ምልክት ናት፤ እኔ ዜሮ ብያት ነበር፣ ለካ ፊደሏ ኦ ናት። በሦስተኛው አረንጓዴ ሆነ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ዩዘር ኔሙንም ከራውተሩ ሆድ ሥር ለጠፍኩ። ሪሴት የሚያደርግ ሰው ይህን ፎቶ ቀድሞ ያንሳ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከጮቄ በኩል ደመናው ወርዶ ዝናቡ ጣለ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ዲኤስኤል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ሐምሌ 2 እና 3

ዝናብ ነው ብዬ ብጠረጥርም ጥርጣሬ አይበቃኝም። ራውተሩ የራሱ መዝገብ አለው፤ እዚያው 192.168.1.1 ውስጥ የዲኤስኤል ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ይታያል። ኖይዝ ማርጂን የሚባለው ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሰማ ይናገራል፤ ሲበዛ ጥሩ ነው፣ ከ6 ዴሲቤል ሲወርድ መስመሩ መንገዳገድ ይጀምራል። አቴኑዌሽን የሚባለው ምልክቱ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይናገራል፤ እሱ ሲያንስ ነው ጥሩ የሚሆነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ስለሚጨምር በጤናማ መስመር ላይ ከቀን ቀን ብዙ መለዋወጥ የለበትም፤ ጣቢያው ቦታውን አይቀይርም።

ሥራ ቦታ ስሆን እናቴ ሰማዩን ትነግረኛለች፣ ቤት ስሆን ቁጥሩን እጽፋለሁ።

ሐምሌ 2፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ፦ ማርጂን 12፣ አቴኑዌሽን 38።
9 ሰዓት፣ ደመና ብቻ፦ ማርጂን 12፣ አቴኑዌሽን 38።
9 ሰዓት ከ40፣ ዝናብ ከያዘ 20 ደቂቃ፦ ማርጂን 5፣ አቴኑዌሽን 44።
10 ሰዓት ከ10፦ ማርጂን 2፤ ቀጥሎ ተቆረጠ።
ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ዝናቡ ካቆመ አንድ ሰዓት፦ ማርጂን 4፣ እየመጣ እየሄደ።
ሐምሌ 3፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ጭጋግ፦ ማርጂን 6።
5 ሰዓት፣ ፀሐይ መታው፦ ማርጂን 12፣ አቴኑዌሽን 38።

ይህን ሳይ ራውተሩን መጠርጠር ተውኩ። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ የማይነካው ዕቃ ዝናቡን እየተከተለ አይታመምም። ውኃ የሚገባበት ቦታ ውጭ አለ፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል።

ሐምሌ 3 ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር አየሁ። በዝናቡ መሃል ስልኩን ባነሳ ጭጭ ብሏል፤ መደወያ ድምፅ የለም፣ መንጣጣትም የለም። በዚያው ደቂቃ ግን የዲኤስኤል መብራት ለአፍታ ረግቶ ነበር። ስልኩ ሞቶ ኢንተርኔቱ እንዴት ይተነፍሳል? ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስልኩ የሚሠራው ከጣቢያው በሚመጣ ቀጥተኛ ጅረት ነው፣ እሱ ደግሞ ሽቦው ጫፍ ለጫፍ ካልተነካካ አያልፍም። ከፍተኛው የኢንተርኔት ሞገድ ግን ትንሽ ክፍተትን መዝለል ይችላል፤ ሁለት ጫፎች ሳይነካኩ ተቀራርበው ሲቆሙ እንደ ካፓሲተር ያሳልፉታል። ተዳክሞ ያልፋል እንጂ ያልፋል። ስለዚህ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ የሆነ ቦታ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

የት? ከአጥር ወዲያ ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን ጠየቅኳቸው። «አያ፣ ዝናብ ሲጥል የእርስዎ ስልክ ይንጣጣል?» «ኧረ የኔ ደህና ነው፤ ትናንት በዚያ ዶፍ ከልጄ ጋር ሳወራ ነው ያመሸሁ» አሉኝ። የእሳቸውም ሽቦ የሚወርደው ከዚያው ከእኛ የስልክ እንጨት ነው። እንግዲያው ከጣቢያው እስከ እንጨቱ ያለው መስመር ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ የታመመው ከእንጨቱ እስከ ቤታችን ያለው ነው። ከከተማ ሙሉ ሽቦ ወደ ሠላሳ ሜትር ጠበበልኝ። በዚህ ሁሉ ቀን ካደረግኩት የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ደመና ባለበት ሰዓት መሰላል ላይ መውጣት አይታሰብም፤ የማርቆስ መብረቅ በሐምሌ አያስጠነቅቅም። ስልክ ሽቦውም ቢሆን ባዶ አይደለም፤ ሳይነሳ 48 ቮልት ገደማ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስልክ ሲደወል ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋጭ ጅረት ይመጣበታልና ይነዝራል። ባዶ መዳብ በእጄ ሳልነካ በፒንሳው እጀታ ፕላስቲክ ይዤ ሠራሁ። ከእንጨቱ ራስ ወደዚያ ያለውንም አልነካሁም፤ እሱ የእኔ አይደለም።

ሽቦውን በዓይኔ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከእንጨቱ ወርዶ የቆርቆሮውን ጫፍ ይይዛል፣ በአሸንዳው ሥር ይዞራል፣ ከዚያ ጓዳውን ስንጨምር ባስረዘምነው ቦታ ላይ ተቀጥሏል። ቅጥሉን አወቅኩት። አባቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ እኔ ከሥር ሽቦ እያቀበልኩት ነው የቀጠልነው። ያኔ አሸንዳው አዲስ ነበር። አሁን ልክ ከቅጥሉ በላይ ተበስቷል፤ ውኃው ጠብ የሚልበት የጠቆረ መስመር ግድግዳው ላይ ይታያል።

ጥቁሩን ናስትሮ በጥፍሬ ለመላጥ ሞከርኩ። ከላይ በፀሐይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይሰነጠቃል፣ ከሥር ግን ሙጫው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጎተታል። ሦስተኛውን ዙር ስፈታ ጠዋቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ አንድ ጠብታ ውኃ እጄ ላይ ወረደች። ናስትሮው ውኃ እንዳይገባ ተጠቅልሎ፣ የገባው እንዳይወጣ ይዞት ኖሯል። ውስጡ ያሉት ሁለት ቅጥሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጠቁሯል እንጂ ጠንካራ ነው። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፣ መሃሉ ላይ መዳቡ ተበልቶ እንደ ፀጉር ቀጥኗል። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተለያየ። እናቴ ከታች «አገኘኸው?» አለችኝ። አገኘሁት።

አጠጋገኑን እጽፋለሁ፣ ለሌላ ቤትም ይጠቅማል። ሁለቱንም ጎን መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ቆርጬ ጣልኩ፤ በአንድ በኩል አንድ ስንዝር ተኩል ሄድኩ፣ ዝገቱ ከፕላስቲኩ ሥር ተደብቆ ርቆ ይሄዳልና። ቅጥሉን ከአሸንዳው ሥር አንስቼ ደረቁ ግድግዳ ላይ፣ ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አደረግኩት። ሁለቱን ቅጥሎች ጎን ለጎን አላደረግኳቸውም፤ አንዱን ከሌላው ሦስት ጣት አራራቅኩት፣ ቢላጡ እንኳ እንዳይነካኩ። የሽቦው መግቢያ ከሳጥኑ በታች ነው፤ ከመግባቱ በፊት ሽቦውን እንደ ኩርባ ወደ ታች አስረገብኩት። በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ውኃ ከኩርባው ሥር ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ ወጥቶ አይገባም።

ከሳጥኑ እስከ ሳሎን ያለውንም ቀየርኩት። የነበረው ጠፍጣፋ ሽቦ ስምንት ሜትር ያህል ከመብራት ሽቦው ጋር በአንድ ሚስማር ተያይዞ ነበር የሚሄደው። በምትኩ ከአሮጌ የኔትወርክ ገመድ አንድ ጥንድ አወጣሁ። የኔትወርክ ገመድ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱት በከንቱ አይደለም፤ ግምዱ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ በሁለቱ ሽቦ ላይ እኩል እንዲያርፍና እንዲጣፋ ያደርገዋል። ሲላጥ ግምዱን ከሚያስፈልገው በላይ መፍታት አይገባም። የትኛው ሽቦ በየትኛው በኩል ይግባ የሚለው ለኤዲኤስኤል ለውጥ የለውም። ከመብራቱ ሽቦም አንድ ክንድ አራቅኩት። አሸንዳውን ለጊዜው በሬንጅ ደፈንኩ፤ መስከረም ሲጠባ ይቀየራል።

ከቀኑ 7 ሰዓት፦ ማርጂን 17፣ አቴኑዌሽን 34። ስልኩን አነሳሁ። የመደወያው ድምፅ ብቻውን ነው፣ ሽምብራው የለም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ተፈቷል። እናቴ ዛሬ ፒንሳ ይዤ ልታየኝ አትፈልግም፣ እኔም የምሠራው የለም። የቀረው የዝናቡ ሥራ ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመረና በረዶ ቀላቅሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ደበደበው። ዶሮ ወጡን በልተን ስንጨርስ ገጹን ከፈትኩ፦ ማርጂን 16፣ አቴኑዌሽን 34። ሌሊት 4 ሰዓት ላይ አሁንም 16። ዲኤስኤል አንዴም አልተቆረጠም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ከቀኑ 11 ሰዓት ሁሉ ደህና ነው፤ የእኔ ስልክ ይሠራል፣ ላፕቶፑ ይሠራል። የእናቴ ስልክ ዋይፋይ ይዟል፣ ኢሞ ግን አይከፍትም፣ ድረ ገጽም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይመልሳታል። ልቤ ወደ መሰላሉ ሄደ። ከመውጣቴ በፊት ግን መስመሩን ለየሁት፤ የእኔ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ከሠራ ሽቦው ንጹሕ ነው፣ ችግሩ በእሷ ስልክ ውስጥ ነው።

ስልኳ ላይ ቀኑን ሳይ ገባኝ። ሐሙስ ዕለት ባትሪው አልቆ ሲጠፋ ቀኑ ተዛብቶ ኖሯል፤ የጎረቤት ልጅ «የኛን ቀን አድርግልኝ፣ የጴጥሮስን በዓል እንዳልስት» ብላው ቀኑንም ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት በእጁ ሞልቶላታል። ሐሳቧ ትክክል ነው፣ ስልኩ ግን አይገባውም። ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ራሳቸውን የሚያስመሰክሩበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልኩ ከዓለም ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ከቆመ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተጻፈ ይመስለዋልና አላምንም ብሎ ይዘጋል። የኢትዮጵያን ቀን ለብቻው የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ከፊት ገጿ ላይ አስቀመጥኩላትና የስልኩን ቀንና ሰዓት ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ መለስኩት። ኢሞ ወዲያው ከፈተ።

ምሽቱ 2 ሰዓት ከ5። ውጭ ዝናብ ነው። እታለም ደወለች። እናቴ ስለ ባለፈው እሑድ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ስለ ጾሙ መፈታት፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ አባታችን የእጅ ጽሑፍ ነው የምታወራው። ወረቀቱን ወደ ካሜራው አስጠግታ «ታዪዋለሽ?» ትላታለች። እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ይዤ ገጹን አያለሁ። 41 ደቂቃ አወሩ። ማርጂን 16፣ አቴኑዌሽን 34።

የቀረኝ ለመኝታ ክፍሉ ስልክ ፊልተር መግዛት ነው።